የሻምበል ጥንዶች

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀደመ፤ መብራቱ ጠፋ። ሲመጣም በደህናው አይመጣም ነበር። ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ይውልና ሲመለስ እንደ ደራሽ ውሃ ነው፤ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ፍሪጅ ያቃጥላል፣ ቴሌቪዥን ያቃጥላል፣ የወፍጮ ሞተር ያቃጥላል። ለጠጋኝ የበረከት ዓመት ይመስላል። አልነበረም። ዕቃው የተቃጠለበት ሰው ማሠሪያ የለውም። ተሸክሞ ያመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ "እስቲ ተመካክሬ ልመለስ" ብሎ ይሄዳል። ከማን ጋር እንደሚመካከር አይታወቅም፤ አይመለስም። ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። የሚያገባም ጠፋ፤ ያገባ ካለም በዝምታ ነው ያገባው። ከቆርቆሮ ሱቆቹ መስመር መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ሄደ። ቀጥሎ ሰዓት ጠጋኙ ሄደ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል የቀሩት ሁለት ሱቆች ነበሩ፤ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ። የሽቦና የሻምበል።

ሽቦ የወጣለት ቅጽል ስም ነው። ሲፈጠር ቀጭን ነው፤ ጥጋብም ረሃብም ሳይለውጠው ኖሯል። ሻምበልም ሻምበል ሆኖ አያውቅም። ጦር ቤት ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ ማዕረጉን የሰጡት የመስመሩ ሰዎች ናቸው፣ ያለ ደመወዝ። ሁለቱም ድምፅ ማጉያ ይጠግናሉ። ደንበኛ ይሻማሉ፣ ይዘላለፋሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ።

ያን ቀን ጠዋት ሽቦ የብረት መጋዝ ይዞ የትራንዚስተር ቆብ ይቆርጥ ነበር።

ልጁ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማለች። "አባ፣ አዲሱን ነው እንዴ የምትቆርጠው?"

"አዎ።"

"አሁን የገዛኸውን?"

"የገዛሁትን ነዋ። ያልገዛሁትን ብቆርጥማ ይከሱኛል።"

አልሳቀችም። ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ጠረጴዛው ላይ የቤዝ ጊታሯ አምፕሊፋየር ጀርባው ተከፍቶ ተንጋሏል። ከሆዱ የወጣው የኃይል ሞጁል ከፊቱ ተቀምጧል፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ ወፍራም አሉሚኒየም፣ በላዩ ላይ አራት ትራንዚስተሮች፣ እያንዳንዳቸው የብረት ቆብ የደፉ። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ስፒከሩን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ እንደሚጎትተው የእንጨት መጋዝ። ከትናንት ወዲያ መብራቱ በድንገት ሲመለስ አንደኛውን ጥንድ በላው። ሁለት ሞቱ፤ ሁለት ተረፉ።

ልጅቷ ዳቦ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቤት ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ በዚያ ዓመት ግን ሰው አዲስ አላሰፋም፣ አሮጌ ነበር የሚያስጠብበው። ሁለት ሳምንት ያልሞላው ወሬ ነው ቤቱን ያነቃው፤ አንድ ሆቴል ግቢውን አድሶ የሙዚቃ ቡድን ሊቀጥር ነው፣ ቡድኑም ቤዝ ተጫዋች አጥቷል። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ትፈተናለች። የቡድኑ መሪ ቀጠሮ ሲሰጣት እንዲህ ነበር ያላት፦ "ግቢው ሰፊ ነው፣ ጣራ የለውም። አጨዋወትሽን ሰምቻለሁ፣ እሱ አያሳስበኝም። አምፕሽ ግቢውን ካልሞላ ግን ሌላ ሰው አለ።"

መጋዙ ዘለቀ። ሽቦ ቆቡን በካቻቪቴ ጫፍ ፈልቅቆ አነሳና ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ውስጥ፣ ጉልበቱ ሁሉ የሚወጣባት የሲሊኮን ቁራጭ የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች። የእውነተኛው ትራንዚስተር ቁራጭ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።

"ፎርጅድ ነው" አለ።

"ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ትክክለኛው ነው።"

"ጽሑፍማ ማን ይከለክላል።"

"ሌላኛውስ?"

"መንትያው ነው። ከአንድ ከረጢት ነው የወጡት።"

ልጅቷ እጇን አጣመረች። "እንዲሁ ግጠመው አባ። ለዛሬ ብቻ ይቻለኝ። ከተቀጠርኩ በኋላ ይቃጠል።"

"ለዛሬም አይችልሽም። ቀስ ስትይው ይሠራል። ጠንከር ስትይው ይፈነዳል። ሲፈነዳ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፣ ስፒከርሽን ይዞ ነው የሚሄደው።"

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ ከቆርቆሮው ማዶ አንድ ወፍራም ድምፅ ጮኸ።

"ስፒከሬን ይዞት ነው የሄደው! ገባህ? ሙሽሮቹ ቆመው፣ ሰው ቆሞ፣ ጧ! ጭስ! እኔ ነኝ የተዋረድኩት!"

ሽቦና ልጁ ተያዩ። ድምፁ ወንበርና ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ሰውዬ ነው።

"ቀስ በል፤ መንገደኛ ይሰማል" ሲል ሻምበል ተሰማ።

"ይስማ! ዛሬ ከሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ወይ አምፑ ሲጮህ እሰማለሁ፣ ወይ ያለህን ዕቃ ጭኜ እሄዳለሁ። ያ ስክሪን ያለው መሣሪያህ፣ መበየጃህ፣ ሁሉም። ሸጬ ስፒከሬን እገዛለሁ።"

"እነሱ ከሄዱ በምን ልሠራ ነው?"

"በማዕረግህ!"

በር ተላተመ።

ሽቦ የተቆረጠውን ቆብ በጣቱ አሽከረከረው። ሻምበል የአከራዩን አምፕ ከገበያ በተገዙ ትራንዚስተሮች ነበር የጠገነው። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ እንደ ድሮው ቆርጦ አይቶ አይደለም የሚገዛው፣ ሻጩን አምኖ ነው። አምፑ ደግሞ የድሮ ነው፣ አንድ ጥንድ ብቻ ያለው፤ የሚፈልገውም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው አምፕ የሚፈልገውን ያንኑ ዓይነት ነው። የገበያው ሁሉ ፎርጅድ ነው። ደህና ጥንድ የሚኖረው አንድ ሰው ነበር፤ ራሱ ሻምበል። ያን ጥንድ ከዓመታት በፊት የወሰደው ሽቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ገና አልተወለደችም፣ እናቷ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። አንድ ደንበኛ ሱቁ በር ላይ ቆሞ "ዕቃዬን ዛሬ ካልሰጠኸኝ" ይላል፤ ሽቦ ትራንዚስተር የለውም። ሻምበል በሰማ ጊዜ ምንም ሳይጠየቅ ከትንባሆ ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ የጠቀለላቸውን ሁለት አወጣ። ለክፉ ቀን ያስቀመጣቸው ነበሩ። "ግጠምና ወደ ሚስትህ ሂድ" አለው። በሳምንቱ ሽቦ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ሻምበል ገንዘቡን አየና፣ "ይህ አምፕ ውስጥ ይበየዳል?" አለው።

በመስመሩ ላይ ደንቡ ይኸው ነው። የተዋስከውን ዕቃ በዕቃ ትመልሳለህ፤ ገንዘብ አይተካውም። ገንዘብ ሁሉም ጋ አለ፣ ሲያጥርህ የምትደርስልህ ዕቃዋ ናት። ሽቦም እመልሳለሁ አለ። ሊመልስ ሲል የእነዚያ ትራንዚስተሮች ፋብሪካ ሥራ አቆመ። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር አስመጥቶ አንድ ጥንድ አመጣለት። ሻምበል በመዳፉ መዘናቸው፣ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳው፣ ፎርጅድ መሆናቸውን አውቆ መለሰለት። "እነዚህ የኔ ልጆች አይደሉም" አለ። ከዚያ ወዲያ ቀልድ ሆነ። ሽቦ በበሩ ባለፈ ቁጥር፣ "ጥንዶቼ ደህና ናቸው? አደጉ? ትምህርት ቤት ገቡ?" ይለዋል። ሽቦም "ለወግ ማዕረግ ሳላበቃቸው አልመልስም" ይላል። ይሳሳቃሉ። ሽቦ ግን ስቆ ቤቱ በገባ ቁጥር ያልመለሰውን ዕዳ ያስብ ነበር።

ጃኬቱን አነሳ።

"የት ልትሄድ ነው?" አለች ልጁ።

"ኪሎ ጋ። አንቺ የሞቱትን ንቀይ፣ አሉሚኒየሙን ጥረጊው። የድሮው ቅባት ሙልጭ ብሎ ይውጣ።"

ኪሎ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። ግቢው በጭቃ ላይ የተዘራ ብረት ነው። መኪና ይሁን አልጋ፣ በር ይሁን ማንኪያ ለእሱ አንድ ነው፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በኪሎ ይገዛል፣ በኪሎ ይሸጣል። ሽቦ በዝናብ ውስጥ ከአንዱ ክምር ወደ አንዱ ክምር ዞረ። እጁ በዝገት ቀላ። ከፈረሰው ሲኒማ ቤት የወጣ ዕቃ ጋ ሲደርስ ቆመ። በወንበሮቹ ብረት ሥር አንድ ትልቅ አምፕሊፋየር በደረቱ ተደፍቷል። ክዳኑ የለም። አሉሚኒየሙ ላይ አራት ቆቦች አሉ። ሁለቱ ፈንድተዋል፤ አንደኛው አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ደህና ይመስላሉ።

ጀርባውን ለኪሎ ሰጠ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ከጃኬቱ ሳያወጣ ሽቦዎቹን ብቻ በእጅጌው በኩል አውርዶ የትራንዚስተሮቹን እግር ነካ። አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ወደ ጃኬቱ ውስጥ አየ። አንደኛው ደህና። ሌላኛውም ደህና።

ፊቱን እንደ ሰነፍ ሰው አረዘመና ሞጁሉን ከነአሉሚኒየሙ ጎትቶ አወጣው።

"ምን ልታደርገው ነው?" አለ ኪሎ፣ ከፕላስቲክ ጣራው ሥር ሳይነሳ።

"አሉሚኒየሙን ፈልጌው ነው።"

"ለምን?"

"ሚስቴ ድስት ድስት ትላለች። አቅልጬ ላሠራላት።"

ኪሎ አየው። "ሽቦ፣ አንተ ድስት ፍለጋ በዚህ ዝናብ ከቤትህ አትወጣም።"

"ሚስቴን አታውቃትም።"

"እንጃ።" ኪሎ ሞጁሉን ሚዛን ላይ ጣለው፣ ሽቦ ዓይኑን ጨፈነ። "እኔ የምሸጠው ክብደት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እንዳትነግረኝም። ከነገርከኝ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ።"

ሲመለስ ሞጁሉን በጃኬቱ ሥር አቅፎ ነበር። እየሄደ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም እኩል ይመጣሉ። ልጁ አለች። ሻምበልም አለ። ደህናው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። "ለልጅቷ ነው የወጣሁት" አለ በልቡ። "የሻምበልን ደግሞ እግዜር ያመጣዋል። ይህን ያህል ዓመት ጠብቋል።" እንዲህ ሲል ሻምበል ከዛሬ ከሰዓት በላይ መጠበቅ እንደማይችል ያውቃል። ከመንገዱ ወደ ሱቁ ለመድረስ በሻምበል በር ማለፍ ነበረበት። ቆም አለና፣ በሰዓት ጠጋኙ ባዶ ሱቅ ጀርባ በጭቃው ዞሮ ገባ።

ልጁ አሉሚኒየሙን እንደ መስተዋት አድርጋዋለች።

"አገኘህ?"

"አገኘሁ።"

"አባ! ለምን ታዲያ እንደዚህ ትሆናለህ?"

"እንዴት ሆንኩ?"

"ሌባ መስለሃል።"

ከሲኒማ ቤቱ ሞጁል ሁለቱን ደህና ቆቦች ፈታ። ከሥራቸው የሚነጠፈውን ስስ ሚካ በብርሃን አየ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ አሉሚኒየሙ እንዳይሾልክ የሚከለክለው እሱ ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ ካለው ሁሉም ከንቱ ነው። ነጩን ቅባት በስሱ ቀባ። ብሎኖቹን እያፈራረቀ አጠበቀ፤ አንዱን ጎን ብቻ ያጠበቀ ሰው ሚካ ይሰብራል። እግራቸውን በየደ። የተሰነጠቁትን ሁለት ሬዚስተሮች ቀየረ። መብራቱ ገና አልጠፋም፤ መቼ እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም። አንድ ዓይኑ ጣራው ላይ ካለው አምፖል አይነሳም።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

"ሠራኸው?"

"እየሠራሁት ነው።"

"እየሠራሁት ነው የሚለውን ለደንበኛ በለው። ልጅቷ በዘጠኝ ሰዓት እዚያ መገኘት አለባት።"

"አውቃለሁ።"

"ሸሚዟን ተኩሼ ልኬላታለሁ። ጭቃ አታስነካት።" ዘጋች።

የሚያስፈራው የመጀመሪያው ማብራት ነው። ሽቦ አምፑን በቀጥታ አልሰካውም። በመካከል አንድ ትልቅ የመብራት አምፖል አደረገ፤ የሆነ ቦታ ኤሌክትሪኩ ከሾለከ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ትራንዚስተሩም ይተርፋል። ደህና ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል።

"ወደ ኋላ በይ።"

ሰካ። አምፖሉ ቦግ አለ። ሽቦ ትንፋሹን ያዘ። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ቆየ፤ ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ልክ እንደ ምሽት፣ ደበዘዘ። ሽቦ ቴስተሩን ስፒከሩ በሚገባበት ላይ አደረገ። ባዶ። ምንም የሚሾልክ የለም። አምፖሉን አነሳ፣ በቀጥታ ሰካው፣ ስፒከሩን አገናኘ።

"ጊታርሽን።"

አንዱን ወፍራም ክር በአውራ ጣቷ መታችው። ድምፁ ከወለሉ ተነሳ። ብሎኖች በሣጥናቸው ውስጥ ተንቀጠቀጡ፣ ቆርቆሮው አጉረመረመ። የድምፁን ቁልፍ ወደ መጨረሻው አዞረችና ደግማ መታችው። አቧራ ከጣራ ወረደ። ልጅቷ ሳቀች። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ሽቦ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። እሱም ሳቀ።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሻምበል ነው።

"ጮኸች" አለ።

"ጮኸች" አለ ሽቦ።

"ጋሼ ሻምበል፣ ደህና ዋሉ?"

"ደህና ነኝ የኔ ልጅ። እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው። ሻምበል አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። "ይኸ የፎርጅድ ጉልበት አይደለም።"

"አይደለም።"

"ከየት?"

"ከኪሎ። ከሲኒማ ቤቱ ዕቃ።"

"ስንት ነበሩ?"

"ደህናው አንድ ጥንድ ነው።"

ሽቦ "ጥንዶቼስ?" እስኪለው ጠበቀ። ቢለው መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ልጄ፣ ሥራዋ፣ ዛሬ፣ እንዲህና እንዲያ። ሻምበል ግን አላለም። "ልጅ ይቀድማል" አለ። "በርቺ። ግቢያቸውን ሙይላቸው።" ከዚያ ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየና ከካፖርቱ ሥር አንድ ነገር አወጣ። ቴስተሩን ነበር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፤ ከጦር ቤት ጀምሮ ከእጁ ያልተለየ።

"ይህን አስቀምጥልኝ። ሰውዬው መጥቷል፣ ሌላውን እያየ ነው። ይህን ካላየው አይጠይቀኝም።"

ሽቦ ተቀበለ። ሻምበል እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቶ ወጣ። በሕይወቱ ከማንም ምንም ደብቆ የማያውቅ ሰው ነበር።

ቴስተሩ በሽቦ እጅ ላይ ቀረ። ከካፖርቱ የወጣ ሙቀት ነበረው። ልጅቷ የጊታሯን ጃክ ነቅላ ገመድ ትጠቀልላለች።

"ቁልፉን ስንት ላይ ነው የምትከፍቺው?" አላት።

"የት? ሆቴሉ? እስከ መጨረሻው ነዋ።" ቀና ስትል ፊቱን አየች። ገመዱን መጠቅለል አቆመች። "አይሆንም።"

"ምን አልኩ?"

"አይሆንም አባ። ለኔ ነው ብለሃል። እማ ሸሚዝ ተኩሳለች። ግቢው ጣራ የለውም!"

"ያንቺ አራት አለው። ሁለት ቢወጣ በሁለቱ ይተነፍሳል። የሱ ሁለቱ ከሌሉ ሬሳ ነው።"

"ይተነፍሳል! መተንፈስ ነው ሥራ የሚያስቀጥረኝ?"

"ከእኩሌታው በላይ ካልከፈትሽው አይቃጠልም።"

"በእኩሌታው ማን ይሰማኛል? ከበሮው ይውጠኛል እኮ!"

"ሊውጥሽ ይችላል" አለ ሽቦ።

ልትመልስ አፏን ከፈተች። አልዋሻትም፣ ያበሳጫትም እሱ ነው። ከቆርቆሮው ማዶ የሚጎተት ነገር ሲጮህ ተሰማ፤ አከራዩ ያን ስክሪን ያለውን መሣሪያ ከመደርደሪያው እያወረደ ነው። "ቀስ፣ ቀስ፣ መስታወት አለው" ይላል ሻምበል፤ የሚወስድበትን ሰው እያገዘው።

ሽቦ መበየጃውን ሰካ። ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ሽቦ ስልኩን አየ፣ ሞጁሉን አየ። ልጅቷ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

"አቤት እማ። አዎ፣ ተሠርቷል። ... ሰምተናል፣ ሲጮህ። ... አይ፣ እያሳመረው ነው። ልወጣ ነው።" ዘጋችና ስልኩን በኃይል አስቀመጠችው። "ምን ትጠብቃለህ? ሰዓቱ ሄዷል። አድርገው ቶሎ!"

የብየዳው ሊድ ቀለጠ። ሁለቱ ቆቦች ተነሱ። ሚካዎቹን በጥንቃቄ አብሮ አነሳቸው፤ ሻምበል ዘንድ ደህና ሚካ እንደማይኖር ያውቃል። ሞጁሉን መልሶ በአምፖሉ በኩል ሞከረው፤ ቦግ፣ ድብዝዝ። ልጅቷ አንዱን ክር መታች። ጥሩ ድምፅ ነው፤ ንጹሕ፣ ግን ከወለሉ አልተነሳም። ሽቦ በካቻቪቴ ጫፍ ከቁልፉ አጠገብ ቀለሙን ጭሮ አንድ መስመር አሰመረ።

"ከዚህ አትለፊ።"

"አየሁት።"

አምፑን አንስተው ጋሪው ላይ ጫኑት። በፕላስቲክ ሸፈነችው። የአባቷን ፊት አላየችም፣ ደህና ዋልም አላለችውም። ትንሽ ከሄደች በኋላ ቆመች፣ ሳትዞር ጮክ ብላ፣ "በጣቴ ሳይሆን በፕላስቲኳ መምቻ እመታዋለሁ፤ ድምፁ በከበሮው መሀል ቆርጦ ይወጣል" አለች። ጋሪዋን እየገፋች በጭቃው መካከል ደረቁን እየመረጠች ሄደች። ሽቦ እስክትታጠፍ አያት።

ከዚያም ዞሮ በሻምበል ፊት ለፊት በር ገባ።

የሻምበል ሱቅ ግማሹ ወለሉ ላይ ነው። አከራዩ በሻምበል ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ፣ የተጫነውንና የቀረውን በዓይኑ ይለካል። ሻምበል ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የአከራዩ አምፕ ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል፣ ሁለት ባዶ ቦታ አሉሚኒየሙ ላይ።

ሽቦ ምንም ሳይል የሻምበልን እጅ ያዘና መዳፉን ከፈተው። ሁለቱን ቆቦች አስቀመጠበት።

ሻምበል መዘናቸው። በአውራ ጣቱ ላያቸውን ዳሰሰ፣ የተቀረጸውን ቁጥር በቆዳው አነበበ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳው፤ ድምፁን ሰማ። ደግሞ አንኳኳው።

"አሁንም ሞቀው ነው ያሉት" አለ በመጨረሻ።

"አሁን ነው የተነሱት።"

"ልጅቷስ?"

"ሄዳለች። በሁለቱ ትሠራለች።"

ሻምበል ቀና አለ። የደከመው ዓይኑ ሽቦን ፈልጎ አገኘው፣ ረጅም ጊዜ አየው። ሽቦ እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቴስተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ይኸው፣ ጠዋት የተዋስኩት" አለ።

አከራዩ ቴስተሩን አየ፣ ሁለቱንም ሰዎች አየ። "ምንድን ነው ነገሩ? ያ የሰጠህ ምንድን ነው? በስንት ሸጠልህ?"

"አልሸጠልኝም" አለ ሻምበል። "የኔ ናቸው። ቆይተው ነበር፣ መጡ።"

ካፖርቱን አወለቀ። እጅጌውን ሰበሰበ። ጨርቁን ከቴስተሩ ላይ ፈታና አጥፎ አስቀመጠ።

"ከወንበሬ ተነስልኝ" አለው አከራዩን። "ልሠራ ነው።"